ከአውሮፕላኑ በፊት ልጓሙ

(ኮምቦልቻ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣቶችና ወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከደሴ የወረዳችሁ፣ ከሐይቅና ከባቲ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ለአንዲት በሪሞት የምትታዘዝ የፎም አውሮፕላን ብላችሁ ይህን ያህል መንገድ መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ተመልከቷት። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ባትሪዋን ጨምሮ 350 ግራም አትሞላም። አካሏን የሠራሁት ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ፎም ነው። ይህች ለእሽቅድድም የተሠራች ናት። ቀጥ ብላ ትበራለች፤ ጠበብ አድርጋ ትታጠፋለች፤ እንደገና ትመለሳለች።

ሱቄ የሚመጡ ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ የትኛውን አውሮፕላን ልግዛ?» ይሉኛል። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኛል። አውሮፕላኑ ያምራል፤ ቀይ ነው፤ ክንፉ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። «ሪሞቱስ?» ስላቸው «እሱማ አብሮ ይመጣል» ይሉኛል። ዛሬ የመጣሁት ይህን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው። መጀመሪያ ሪሞቱ ይመረጥ። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፈረስ የሚያውቅ የወሎ ሰው ገበያ ሲወጣ ፈረሱን ብቻ አያይም። ልጓሙንም ይፈትሻል። ብረቱን በጣቱ ይነካል፤ ጠፍሩን ይስባል። ፈረሱ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ልጓሙ ከተበጠሰ ያ ሁሉ ፍጥነት አደጋ ነው። በእጃችሁ የምትይዙት ሪሞት፣ አውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ ሆና ትእዛዙን የምትቀበለው ሪሲቨር፣ ክንፏና ጭራዋ ላይ ሆነው አቅጣጫዋን የሚለውጡትን መቅዘፊያዎች የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች፣ እነዚህን የሚያበላው ኤሌክትሪክ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ልጓም ናቸው። አንዱ ከላላ ልጓሙ የለም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አውሮፕላን ይሰበራል። የእሽቅድድም አውሮፕላን ደግሞ ቶሎ ይሰበራል። ይህችን የያዝኳትን ሪሞት ከገዛሁ ወዲህ ሰባት አውሮፕላን አብርሬባታለሁ። አራቱ ከጥገና በላይ ሆነዋል። አንዷ ማሽላ ውስጥ ገብታ ክንፏን አጥታለች። ሪሞቷ ግን ይኸው አለች። ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ አብዛኛው እዚህ ላይ ይዋል። አውሮፕላኑን ከፎም መሥራት ይቻላል። ሪሞት ከፎም አይሠራም።

እሽቅድድሙ ምን እንደሚመስል ላላያችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍ 3 ዲ ብሎ የሚጠራው ውድድር አለ። ሦስት ምሰሶዎች በሦስት ማዕዘን ይተከላሉ። አንዱ ዙር 400 ሜትር ነው። 10 ጊዜ ይዞራሉ፤ በድምሩ 4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሁሉም የሚታጠፈው ወደ ግራ ነው። የእነሱ አውሮፕላኖች ትልልቅና እጅግ ፈጣን ናቸው። እኛ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ተክለን፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረን ነው የምንዞረው። ነገሩ ግን ያው ነው። ምሰሶውን በጣም ተጠግቶ የታጠፈ ያሸንፋል። በጣም የተጠጋ ደግሞ ይጋጫል።

አሁን ቁጥሩን እንይ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር አውሮፕላን በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ትእዛዛችሁ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢዘገይ አውሮፕላኗ 3 ሜትር ገደማ አልፋ ሄዳለች። በዝግታ ለሚንሳፈፍ አውሮፕላን ይህ ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ምሰሶውን በማለፍና በመጋጨት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ወደ ምርጫው እንግባ። ሰው ሪሞት ሲገዛ መጀመሪያ የሚቆጥረው ቻናል ነው። «ይኼ 6 ቻናል ነው፣ ያኛው 16 ቻናል ነው» ይባላል። ቻናል ማለት አንድ ለብቻው የሚታዘዝ ነገር ነው። ትንሽ የእሽቅድድም አውሮፕላን ስንት ትእዛዝ ትፈልጋለች? ሞተሩ አንድ ነው። አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የጭራ መቅዘፊያ፣ ኤሌቬተር የምንለው፣ ሁለት። ክንፉ ላይ ሆኖ ወደ ጎን የሚያጋድላት ኤለሮን ሦስት። ብዙዎቹ በዚህ ያበቃሉ። አፍንጫዋን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው የጭራ መቅዘፊያ፣ ራደር የምንለው፣ ካላት አራት ይሆናል። ሁለቱን ኤለሮኖች ለየብቻ ማዘዝ ከፈለጋችሁ አምስት። ስለዚህ 6 ቻናል በቂ ነው፤ ይተርፋልም። ለ16 ቻናል ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

በዚያ ፋንታ ሌላ ነገር ፈልጉ። ሪሞቱ የብዙ አውሮፕላን ማስተካከያ መያዝ ይችላል? ፍላይስካይ አይ 6 የሚባለው ርካሽ ሪሞት እንኳን የ20 አውሮፕላን ማስተካከያ ይይዛል። መቅዘፊያው እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ መወሰን ይቻላል? ሁለት መቅዘፊያዎችን አቀላቅሎ ማዘዝስ? ኤክስፖ አለው? ኤክስፖ ማለት ስቲኩን፣ በጣታችሁ የምትገፉትን የሪሞቱን ዘንግ፣ ከመሃል ትንሽ ነካ ስታደርጉት አውሮፕላኗ በስሱ የምትታዘዝበት፣ ወደ ዳር ስትገፉት ጠንከር የምትልበት ማስተካከያ ነው። ፈጣን አውሮፕላን ያለ ኤክስፖ የፈራ ሰው እጅ ውስጥ ከገባች እንደ ዓሣ ትወራጫለች። ጀማሪ ሲያበር ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ኤክስፖ ያንን መንቀጥቀጥ ይውጥለታል።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም አትግዙ። የመጫወቻ ሪሞት ነው። ነካ ስታደርጉት መቅዘፊያው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ የሚሄድ፣ ስትለቁት መሃል የሚመለስ፣ ግማሽና ሩብ የማያውቅ። በእሱ የእሽቅድድም አውሮፕላን አይበርም። በቃ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ያደግሁት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሬዲዮ ጥገና ቤት ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የተፈታ ሬዲዮ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ትእዛዝ ያለ ሽቦ በአየር ላይ ሄዶ ሌላ ቦታ ያለን ነገር ያንቀሳቅሳል የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ ያስደንቀኛል። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒውዮርክ ውስጥ በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቷል። አስቡት፤ አድዋ ከተደረገ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትያ ወንድማማቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 በሬዲዮ የሚታዘዝ ሞዴል አውሮፕላን አብርረዋል። ያ አውሮፕላን ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው ያበር የነበረው በ27፣ በ35፣ በ40 ወይም በ72 ሜጋኸርዝ ነበር፤ እንደየአገሩ ይለያያል። ያኔ ሜዳ ላይ ትልቁ ፍርሃት ንፋስ አልነበረም፤ ጎረቤት ነበር። አንተ እያበረርህ ሳለ ሌላ ሰው በአንተው ፍሪኩዌንሲ ሪሞቱን ከከፈተ አውሮፕላንህ አበቃለት። ስለዚህ ሜዳው ላይ ሰሌዳ ይሰቅሉ ነበር። ማብረር የሚፈልግ ሰው የእሱ ፍሪኩዌንሲ ቁጥር ያለበትን የልብስ መቆንጠጫ ያነሳል። መቆንጠጫው የሌለው ሰው ሪሞቱን አይከፍትም። አንቴናውም ረጅም ነበር። የ72 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ4 ሜትር ስለሚበልጥ ሩቡ እንኳን 1 ሜትር ነው። ያን የሚያህል ሽቦ ከትንሽ አውሮፕላን ጭራ ላይ ይጎተት ነበር።

ዛሬ የምትገዙት ሪሞት በአብዛኛው የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ስፔክትረም የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ዲኤክስ 6 የምትባለውን ሪሞት ለትንንሽ አውሮፕላን ካወጣ ወዲህ ነው ነገሩ በብዛት ወደዚህ የዞረው። የሞገዱ ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሩቡ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የሪሲቨሯ አንቴና ጫፍ ላይ የምታዩት የተራቆተ ሽቦ ይኼው ሩብ ነው። መቁረጥ የለም። ተሰብሮ ካጠረ ይቀየራል።

ታዲያ ስልኩም፣ ዋይፋዩም፣ ሌላውም አብራሪ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ሲያወራ የእኔ ሪሲቨር እንዴት አይደናገራትም? የባቲን ገበያ የምታውቁ ሰኞ ቀን አስቡት። አፋሩ ግመሉን ይዞ መጥቷል፤ ኦሮሞውም አማራውም አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ልጇ የጠፋባት እናት ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የልጇን ጥሪ ትለያለች። ልጁም እናቱ በምን ስም እንደምትጠራው ያውቃል። ሪሞቱና ሪሲቨሯም መጀመሪያ ቀን ይተዋወቃሉ። ይህን ባይንድ ማድረግ እንለዋለን። ከዚያ ወዲህ ሪሲቨሯ የምትሰማው የራሷን ሪሞት ጥሪ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሁለቱ አንድ ቦታ ቆመው አያወሩም። በሰከንድ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ፍሪኩዌንሲ ወደ ሌላው አብረው ይዘላሉ። አንዱ ቦታ ጫጫታ ቢሆን ቀጣዩ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ትልቅ ችግር አለ። ሁሉም ድርጅት የራሱ ቋንቋ አለው። የፉታባ ሪሞት የስፔክትረምን ሪሲቨር አያናግርም። የፍላይስካይም እንዲሁ። ፍሪኩዌንሲው አንድ ነው፤ ቋንቋው ግን ለየብቻ። ስለዚህ ሪሞት ስትገዙ የምትገዙት ሪሞቱን ብቻ አይደለም። ለሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት የምትገዟቸውን ሪሲቨሮች ሁሉ አብራችሁ መርጣችኋል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። አጠገባችሁ ያለ ሰው የያዘውን ያዙ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጓደኛችሁ ፍላይስካይ ካለው እናንተም ፍላይስካይ ያዙ። ሪሲቨር ቢበላሽባችሁ ያውሳችኋል። ማስተካከያው ቢጠፋችሁ ያሳያችኋል። ሁለት ሪሞት አገናኝቶ ጀማሪን ማስተማርም ይቻላል፤ ጀማሪው ሲደናገጥ አስተማሪው ልጓሙን ይቀበለዋል። ወረቀት ላይ የተሻለ የሚባለውን ብቻችሁን ከመያዝ፣ ጎረቤት ያለውን መያዝ እዚህ አገር የበለጠ ያዋጣል። ዕቃ ከሩቅ ነው የሚመጣው። አንዲት ሪሲቨር እስክትመጣ ወራት ሊያልፍ ይችላል።

አቅም ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሪሞት ይግዛ። ራዲዮማስተርና ጃምፐር እንዲህ ዓይነት ሞጁል ያላቸው ሪሞቶች ይሠራሉ። አንዱን ሪሞት ይዛችሁ የተለያዩ ድርጅቶችን ሪሲቨሮች ማዘዝ ትችላላችሁ። ኤክስፕረስ ኤል አር ኤስ የሚባል ደግሞ አለ። ይህ ክፍት ሥራ ነው፤ ሶፍትዌሩን ማንም ማየትና ማሻሻል ይችላል፤ ሪሲቨሮቹን ብዙ ድርጅቶች ይሠሯቸዋል። ሪሲቨሮቹ ቀላል ናቸው፤ ትእዛዝም በጣም በፍጥነት ያደርሳሉ። ለእሽቅድድም ሰው ደስ የሚል ነው። ማስተካከሉ ግን ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ሪሞት ብቻችሁን ከሆናችሁ አልመክርም። የሚያውቅ ጓደኛ ካላችሁ ግን አትፍሩት።

ሪሲቨር ስል ቤታችሁ ያለው የዲሽ ሪሲቨር ትዝ ይላችኋል። ይህቺኛዋ ግን የክብሪት ሳጥን አታክልም። ትንሽ አውሮፕላን ላይ እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል። 15 ግራም የምትመዝን ሪሲቨር 350 ግራም አውሮፕላን ላይ ትከብዳለች። ከ5 ግራም በታች የሆኑ አሉ። ግን ተጠንቀቁ። ከትንንሾቹ አንዳንዶቹ ለአዳራሽ ውስጥ ወይም ለጠባብ ቦታ የተሠሩ ናቸው፤ ርቀት ላይ አይሰሙም። ስትገዙ «ሙሉ ርቀት ትሠራለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፈጣን አውሮፕላን አንድ ጊዜ ካመለጠች በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሩቅ ናት።

አሁን አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ቦሩ ሜዳ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን ሰፊውን ሜዳ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ነው፤ ንፋስ የለም። አዲስ አውሮፕላን ይዤ ሄድኩ። ክንፏን ለማጠንከር ረጅም የካርቦን ፋይበር ዘንግ አስገብቼባት ነበር። የሪሲቨሯ አንቴና ውጭ ተንጠልጥሎ ሲታየኝ አላማረኝም። ጥቅልል አድርጌ ከባትሪው ሽቦ ጋር በፕላስተር አጣበቅኩት፤ ልክ ከካርቦኑ ጎን። ንጹሕ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ዙር አማረች። በሦስተኛው ዙር ሩቅ ሄዳ ስትታጠፍ ካርቦኑ በእኔና በአንቴናው መካከል ገባ። ካርቦን ፋይበር ሞገድ ይከልላል። ስቲኩን ሳብኩ፤ አልመጣችም። ሞተሩ ሙሉ ኃይል ላይ ነበር። ሪሲቨሯ ጥሪ ሲቋረጥባት የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዛ ቀረች። የመጨረሻው ትእዛዝ ደግሞ «ሂጂ» ነበር። ሄደች። በግዙፍ ፍጥነት፣ ቀጥ ብላ፣ ጤፍ የሚያርሙ ሰዎች ወዳሉበት።

ሰዎቹ ካሉበት ሃያ እርምጃ አካባቢ ርቃ መሬት ውስጥ ተሰካች። ሮጬ ስደርስ አንድ ሽማግሌ አባት ስብርባሪዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አልተቆጡኝም። «የኔ ልጅ፣ ይኼ ነገር ሰው አይቶ ነው የሚሄደው ወይስ ዝም ብሎ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «አላህ አተረፈን» ብለው ስብርባሪዋን ሰጡኝ። ሴቶቹ ወደ አረማቸው ተመለሱ። እኔ ግን እዚያው ሜዳ ላይ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

የሽማግሌው ጥያቄ መልስ አለው። ፌይልሴፍ ይባላል። ጥሪ ሲቋረጥ ሪሲቨሯ ምን ታድርግ የሚለውን አስቀድማችሁ የምትነግሯት ነገር ነው። ለትንሽ የእሽቅድድም አውሮፕላን አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ አለው፦ ሞተሩ ይጥፋ። 350 ግራም ፎም ሞተሩ ጠፍቶ ቢወድቅና በሙሉ ኃይል እየተሽከረከረ ቢመጣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ብዙ ሪሞቶች ፌይልሴፍ አላቸው፤ ግን እናንተ ካላስተካከላችሁት አይሠራም፤ ወይም እንደ እኔው የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀራል። ሪሞት ስትመርጡ ይህ የሌለውን ነፃ ቢሰጧችሁ እንኳን አትቀበሉ። ስታስተካክሉትም ፕሮፔለሩን ፍቱና ሞተሩን አስነሱ፤ ከዚያ ሪሞቱን አጥፉት። ሞተሩ ወዲያው ካልቆመ ያቺ አውሮፕላን አትነሳም።

ለአንቴናው ደግሞ፣ ከካርቦንና ከባትሪ አርቁት። ሁለት አንቴና ካለው አንዱን ቀጥ፣ ሌላውን አግድም አድርጉ፤ አውሮፕላኗ ስትገለበጥ አንዱ ቢከለል ሌላው ይሰማል። የሪሞቱን አንቴና ጫፍ ወደ አውሮፕላኗ አትቀስሩ። ጠብመንጃ አይደለም። ሞገዱ የሚወጣው ከጎኑ ነው፤ በጫፉ በኩል በጣም ደካማ ነው። የእናንተም ገላ ውሃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ስለዚህ ጀርባችሁን ለአውሮፕላኗ ሰጥታችሁ አትቁሙ። ጉብታ ጀርባም አትልኳት። የእኛ አገር ተራራ ነው። እረኛ ገደል ለገደል ሲጣራ የሚሰማው ፊት ለፊት ስላለ ነው፤ ጉብታው ከመሃል ከገባ ድምፁ ይጠፋል። 2.4 ጊጋኸርዝም እንደዚያው ነው።

ልጓሙ የሚበጠስበት ሌላ ቦታ ኤሌክትሪኩ ነው። በትንሽ አውሮፕላን ላይ ሪሲቨሯ የራሷ ባትሪ የላትም። የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ኢ ኤስ ሲ የምንለው፣ የትልቁን ባትሪ ቮልት ወደ 5 ቮልት እየቀነሰ ያበላታል። ርካሾቹ የተረፈውን ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚቀይሩት። ሦስት ሴል ያለው ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ነው። 5 ቮልቱ ሲወሰድ 7.6 ቮልት ይተርፋል። መቅዘፊያዎቹ በድምሩ 1 አምፔር ቢስቡ 7.6 ዋት ሙቀት በዚያች ጥፍር በምታክል ዕቃ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ጣት ያቃጥላል። ምሰሶው ላይ ስትታጠፉ ሁሉም መቅዘፊያ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሪሲቨሯ ትጠፋና እንደገና ትነሳለች። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቤታችሁ ያለው ዲሽ ሪሲቨር እስኪነሳ የምትጠብቁትን ጊዜ አስቡ። አውሮፕላን ላይ ያን ያህል ባይረዝምም፣ አንድ ሰከንድ 28 ሜትር መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ሦስት ሴል የምትጠቀሙ ከሆነ ስዊቺንግ የሚባለውን ዓይነት ፈልጉ፤ ብዙም አይሞቅም። ሪሞቱም ቢሆን በአራት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ድንጋዩ ሲደክም ይጮሃል። ሲጮህ አሳርፉ። «አንድ ዙር ብቻ» አይባልም።

መቅዘፊያውን ስለሚያንቀሳቅሱት ሰርቮዎች ብዙ አልልም። በየቦታው የምታገኟት ሰማያዊዋ 9 ግራም ሰርቮ ለጀማሪ ትበቃለች። ጥርሶቿ ፕላስቲክ ስለሆኑ ስትጋጩ ይረግፋሉ። 60 ዲግሪ ለመዞር አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅባታል። ማለትም መቅዘፊያውን 20 ዲግሪ እስክታዞር አውሮፕላኗ ወደ 1 ሜትር ሄዳለች። ስለዚህ በጣም ፈጣን ሪሞት ገዝታችሁ ዘገምተኛ ሰርቮ ብትገጥሙ ገንዘባችሁ ባክኗል። ሁለቱ አብረው ይደጉ።

እዚህ መካከል አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ጠየቀችኝ። «ሪሞቱ ሞድ 1 ወይም ሞድ 2 ይላል፤ የትኛውን ልውሰድ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞድ 2 ላይ ሞተሩ በግራ እጅ ነው፤ ከፍና ዝቅ ማለቱና ወደ ጎን ማጋደሉ በቀኝ እጅ። ሞድ 1 ላይ ሞተሩ ወደ ቀኝ፣ ከፍና ዝቅታው ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለቱም ይሠራሉ። ጣት የለመደውን መቀየር ግን በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ እዚህም ያው ነው፤ የሚያስተምርሽ ሰው የሚጠቀምበትን ያዢ። ግራኝ ነኝ ብለሽም አትጨነቂ፤ ሁለቱም እጆች እኩል ይሠራሉ። ሪሞትሽን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተሽ በሲሙሌተር ብዙ ሰዓት ተለማመጂ። እዚያ የተሰበረ አውሮፕላን ሳንቲም አያስወጣም።

ሌላ ወንድም ደግሞ ጠየቀ። «ቪዲዮ ላይ ያየነው ሁሉ የሚበረው ባሕር ዳርቻ ነው፤ እዚህ ለምን ይለያል?» ይለያል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛ እንኳን አይሞላም፤ ስስ ነው። አውሮፕላኗ በአየር ላይ ለመቆም ከ10 በመቶ በላይ ጨምራ መፍጠን አለባት። ስታርፍም ፈጥና ነው የምትመጣው። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ቀላል ሪሲቨር፣ ቀላል ሰርቮ እያልኩ የምነዘንዛችሁ። የባሕር ዳርቻ ሰው የማይቆጥረው 10 ግራም ደሴ ላይ ይቆጠራል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስታበሩ እንኳን ልዩነቱን እጃችሁ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ከሰማይ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ሲሰሙ የሚደነግጡ እናቶች አሉ። ሕፃናትም አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ከማብረር በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። ዕቃውን ከውጭ ከማስመጣት በፊትም ይጠየቃል፤ ቀበሌውም ፖሊሱም ይወቀው። ኮምቦልቻ ኤርፖርት እንዳለን አትርሱ፤ በዚያ አቅራቢያ በፍጹም አይበረርም። ሜዳው ዙሪያ ወዳሉት ቤቶች ሂዱ፤ አውሮፕላኗን አሳዩአቸው፤ ልጆቹ ይንኳት። እኔ ቦሩ ሜዳ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት እኒያ ሽማግሌ ቤት ነው። ቡና ፈላ። አቦሉን ጠጥተን ስንጨርስ አዲሷን አውሮፕላን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ፕሮፔለሩን ፈትቼ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ከዚያ ሪሞቱን ለእርሳቸው ሰጠሁና «ያጥፉት» አልኳቸው። አጠፉት። ሞተሩ ቆመ። እንደገና አብርተው እንደገና አጠፉት። ሦስተኛ ጊዜም ደገሙት። «እንግዲህ ይቺ ሰው ታያለች» አሉ።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። ይህችን አውሮፕላን አንድ ልጅ ደረቱ ላይ ሳይሆን እጁን ዘርግቶ ራቅ አድርጎ ይያዛት። ፕሮፔለሩ ተፈትቷል፤ አትፍሩ። እኔ ሪሞቱን የርቀት መፈተሻው ላይ አደርገዋለሁ፤ ጉልበቱን ቀንሶ ነው የሚያወራው። ከዚያ 30 እርምጃ እቆጥራለሁ፤ እናንተም አብራችሁኝ ቁጠሩ። 30 ላይ ስደርስ ስቲኩን ግራና ቀኝ አደርጋለሁ። መቅዘፊያው ሳይንቀጠቀጥና ሳይዘገይ ከታዘዘኝ ዛሬ እናበራለን። ካልታዘዘኝ አውሮፕላኗ ወደ ካርቶኗ ትመለሳለች፤ አንቴናውን አብረን እንፈትሻለን።